እጅ የማይደርስበት ቫልቭ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የሥራ ባልደረቦቼ ጋቢ አልብሰው በመስታወት የተለበጠ አንድ ንድፍ ሸለሙኝ። ጋቢውን እለብሰዋለሁ። ንድፉ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ከቁም ሳጥኑ ጎን ቆሟል። ባለቤቴ አልማዝ ሁለት ጊዜ ሳሎን ሰቅላው ሁለት ጊዜ አውርጄዋለሁ። "ሰው በሥራው ይኮራል፤ አንተ ሥራህን ትደብቃለህ" ትለኛለች። እኔም ግድግዳው እርጥበት አለው፣ ወረቀቱ ይበላሻል እያልኩ አሳብባለሁ።

ንድፉ የአንድ ፓምፕ ነው። ፓምፕ ሲባል ብዙ ሰው ንጹሕ ውሃ ኩልል ሲል ይታየዋል። እኔ ከንጹሕ ውሃ ጋር ሥራ ኖሮኝ አያውቅም። የእኔ ፓምፖች ጭቃ፣ ደለል፣ የመጸዳጃ ቤት ዝቃጭ፣ ባጭሩ ሰው አፍንጫውን ይዞ የሚሸሸውን ወፍራም ነገር ሁሉ ከጉድጓድ የሚያወጡ ናቸው። ዕድሜዬን የበላው ይኸው ነው።

አባቴ መሪጌታ ነበሩ። ልጃቸው ዜማ ተምሮ ደብር እንዲያገለግልላቸው ነበር ሐሳባቸው። እኔ ትምህርቱን ጀምሬ ተውኩና ደሴ ሄጄ የብረታ ብረት ሙያ ተማርኩ። ምን እንደምሠራ የሰሙ ዕለት፣ "እንግዲህ ልጄ፣ የአገሩ ሁሉ ጉድ ባንተ እጅ ገባ" አሉኝ። እየሳቁ ነው ያሉት። ግን ከዚያ ወዲህ ቤታቸው በሄድኩ ቁጥር ሦስት ጊዜ ሳልታጠብ ወደ ማዕድ አያስጠጉኝም ነበር።

ሥራ የጀመርኩት ደጎሎ ነው። አንድ የገጠር ውሃ ፕሮጀክት እዚያ ትንሽ ወርክሾፕ ነበረው፤ አንድ ቶርኖ፣ ሁለት የብየዳ ማሽን፣ አንድ ሞርሳ፣ ከዚያ ሌላው ብርድና ንፋስ። ስለ ደመወዙ ብዙ አልጽፍም፤ እሱም ብዙ አልነበረም። የመጀመሪያው አለቃዬ ከቢሮው የማይወጣ፣ ማኅተም የሌለው ወረቀት ሲያይ ራሱን የሚያመው ሰው ነበር። ገበሬው ለከብቱ የቆፈረው ኩሬ በየክረምቱ በዋልካ አፈር ይሞላል፤ የእኛ ሥራ ያንን ጥቁር ደለል ማውጣት ነበር። አለቃዬ ከደሴ ባለሞተር ፓምፕ አስመጣ። ኩሬው ዳር ተተክሎ ሲነሳ ሕዝቡ እልል አለ። እልልታው ሳያልቅ ፓምፑ አጓርቶ ቆመ።

ፓምፑን የፈቱት ጋሽ ሰይድ ናቸው። የወርክሾፑ ዋና በያጅ ነበሩ። ዲፕሎማ የላቸውም፤ ንድፍ የሚስሉት በጠመኔ ወለሉ ላይ ነው። መሐንዲሶቹ ግን እሳቸው ያላዩትን ንድፍ ለመፈረም ይፈሩ ነበር። ክዳኑን አንስተው በውስጡ የሚሽከረከረውን መዘውር አሳዩኝ። ጠባብ ጠባብ መተላለፊያዎቹ በዋልካ ተደፍነው እንደ ጡብ ጠንክረዋል።

"አየህ አስፋው" አሉኝ። "ይቺ ምስኪን ውሃ ልትጠጣ ነው የተፈጠረችው። እናንተ ገንፎ አቀረባችሁላት።"

ወፍራም ነገር ፍጥነት እንደማይወድ፣ ቀስ ብሎ የሚጓዝ ሰፊ መንገድ እንደሚፈልግ ያን ቀን ገባኝ። ከእሳቸው ጋር የሠራናት የመጀመሪያ ፓምፕ ሞተርም መዘውርም አልነበራትም። አንድ ሰፊ የላሜራ በርሜል፣ ከጭነት መኪና ከመነዳሪ፣ ከውስጠኛው ጎማ፣ የተቆረጠ ክብ ጎማ፣ ሁለት ሰው የሚወዘውዘው ረጅም እጀታ፣ እና ሁለት ቫልቮች ብቻ። ቫልቭ የምለው በአንድ በኩል ብቻ የሚከፈት የጎማ ክዳን ነው፤ የገባው ተመልሶ እንዳይወጣ የሚይዘው እሱ ነው። የዝቃጭ ፓምፕ ሕይወቱም ሞቱም እዚያች ክዳን ላይ ነው። አንዲት ጠጠር ወይ አንዲት ጨርቅ ከሥሯ ከተወተፈች አትገጥምም፤ ካልገጠመች እጀታውን እስከ ማታ ብትወዘውዝ ትርፉ ላብ ነው።

ጋሽ ሰይድ ሦስት ልማድ ነበራቸው። አንደኛው የሰርዲን ቆርቆሮ ነው። የትም ጉድጓድ ሲጠሩ ከምንም በፊት ከታች በቆርቆሮ ያስቀዱና ፀሐይ ላይ አስቀምጠው ሶላታቸውን ሰግደው ይመለሳሉ። ሲመለሱ ምኑ እንደተንሳፈፈ፣ ምኑ እንደዘቀጠ፣ መሐሉ ምን ያህል እንደወፈረ ያያሉ። ከዚያ ጣታቸውን ያስገባሉ። እኔ ፊቴን ሳጨማድድ፣ "የምታጎርሳትን ሳታውቅ አፏን እንዴት ትሠራለህ?" ይሉኝ ነበር።

ሁለተኛው ክንዳቸው ነው። አዲስ ፓምፕ ተበይዶ ሲያልቅ እጅጌያቸውን እስከ ትከሻ ሰብስበው ክንዳቸውን ወደ ውስጥ ይሰዳሉ። ቫልቩን በጣታቸው ካልነኩት ብየዳውን ያስፈርሱታል። ስንት ጊዜ አስፈርሰውኛል! "ክንዴ የማይገባበት ቦታ ጠጠር ይገባል፤ ያን ጊዜ ማን ያወጣልሃል?" ነው መልሳቸው።

ሦስተኛው ቀይ ቀለም ነው። ፓምፑ ከተገጠመ በኋላ የእያንዳንዱን ብሎን ራስ በትንሽ ብሩሽ ቀይ ይቀቡታል። ከወራት በኋላ ሲመለሱ ሠራተኛውን ፓምፑ ደህና ነው ወይ ብለው አይጠይቁም። ብሎኖቹን ያያሉ። ቀለሙ ከተላላጠ ፓምፑ ተከፍቷል፤ ከተከፈተ ተዘግቶ ነበር ማለት ነው። "እኛ ወሎዬዎች" ይሉኝ ነበር፣ "ቤታችን እየተቃጠለ እንዴት ናችሁ ብትለን፣ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን ነው የምንልህ። ስለዚህ ሰውየውን ሰላም በለው፣ ብሎኑን ጠይቀው።"

ከደጎሎ ወደ አቀስታ ተዛወርኩ። ስለ አቀስታ የማስታውሰው ብርዱን ነው። ጠዋት ጠዋት የፓምፖቼ ጎማ እንደ ቆዳ ይደርቅና አልታጠፍ ይለኛል፤ ዝቃጩም ፀሐይ እስኪሞቅ ከቱቦው አይነቃነቅም። ቀጭን ጎማ በእጥፍ መደረብን የተማርኩት እዚያ ነው። የአቀስታው አለቃዬ ደግ ሰው ነበር፤ እጀታውን ራሱ ይዞ ይወዘውዝ ነበር። እንደሱ ያለ አለቃ ከዚያ በኋላ አልገጠመኝም።

በመጨረሻ መካነ ሰላም የንድፍ ኃላፊ ሆኜ መጣሁ። ከተማዋ እያደገች፣ የመጸዳጃ ጉድጓዶቿ እየሞሉ ነበር። የፍሳሽ ማንሻ መኪና በዚያን ጊዜ ደሴም እንደ ልብ አይገኝም። ጉድጓድ የሚጸዳው በሰው ነበር። አንዱ በገመድ ይወርዳል፣ በባልዲ ይሞላል፣ ሌላው ከላይ ይስባል። የሚወርዱትን ሰዎች አውቃቸዋለሁ። ገበያ ውስጥ ሰው እየሸሸ መንገድ ይለቅላቸው ነበር፤ ሠርግ ቢጠሩም ጥግ ነው የሚቀመጡት። ከመካከላቸው ጉድጓድ ውስጥ ትንፋሽ አጥሮት ወድቆ በገመድ የተረፈ ነበረ። ያኔ ለራሴ አንድ ነገር ማልኩ፤ ሰው ጉድጓድ የማይገባበት ፓምፕ ሳልሠራ ጡረታ አልወጣም አልኩ።

ችግሩ ጥልቀቱ ነበር። የጋሽ ሰይድ ፓምፕ ከላይ ተቀምጣ ወደ ላይ ነው የምትስበው። ለኩሬ ደለል ይበቃል። ወፍራም ዝቃጭ ግን ከጥልቅ ጉድጓድ እየተሳበ አይወጣም፤ መሐል ላይ ይንጠለጠልና ይቀራል። ከታች መገፋት አለበት። ስለዚህ በርሜሉን ከላይ አንስቼ ጉድጓዱ ውስጥ አወረድኩት፤ ቫልቩንም ከሁሉም በታች፣ ዝቃጩ ውስጥ አደረግኩት። በወረቀት ላይ የሚያምር ነገር ነበር። ብዙ ሌሊት የተኛሁት ንድፉን ትራሴ ሥር አድርጌ ነው።

ጋሽ ሰይድ በዚያን ጊዜ ጡረታ ወጥተው ደጎሎ ነበሩ። ለማሳየት በሚኒባስ አስመጣኋቸው። በስተርጅናቸው ተቀምጠው ፓምፑን ከላይ እስከ ታች አዩት። ብየዳዬን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱና "ማሻ አላህ" አሉ። ደስ አለኝ። ከዚያ ጠየቁኝ፤

"እጅህ እዚያ ይደርሳል?"

"የት ጋሼ?"

"ቫልቩ ጋ።"

"መድረስ አያስፈልገውም። ወንፊት አድርጌለታለሁ፤ ጠጠር አይገባም።"

"ከተዘጋስ?"

"አራት ሰው ሆኖ ከነቱቦው ያወጣዋል።"

ጋሽ ሰይድ ዙሪያቸውን ቃኙ። ግቢው ውስጥ እኔና እሳቸው ብቻ ነበርን። "አራቱ ሰዎች የታሉ?" አሉኝ። መልስ አልጠበቁም፤ ሶላት ደርሶ ነበርና ውሃ አምጣልኝ አሉ። በዓመቱ ሞቱ። ቀብራቸው ላይ እያለቀስኩ እንኳ በልቤ፣ ሽማግሌው አዲስ ነገር አልወድ ብለው ነው እል ነበር። ይቅር ይበሉኝ።

ፓምፑን የሞከርኩት ከተማው ውስጥ ባለ አንድ መስጊድ ጉድጓድ ላይ ነው። ሽማግሌዎቹ ፈቀዱልኝ፤ ጉድጓዱ ሞልቶባቸው ነበር። ባንድ ጠዋት ባዶውን አስቀረሁት። ሽማግሌዎቹ ዱዓ አደረጉልኝ፤ የልማት ቢሮ ሰዎች ፎቶ አነሱ። እኔም "ተሞክሮ የተረጋገጠ" ብዬ ንድፉ ላይ ጻፍኩና ሌሎች እንዲሠሩ አዘዝኩ።

እዚህ ላይ ነው ስህተቴ። መስጊድ ውስጥ ሰው የሚታጠበው በውሃ ነው። ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ከአጥሚት የማይወፍር ቀጭን ነገር ነበር። ሁለተኛው ፓምፕ የተተከለበት ትምህርት ቤት ግን ሌላ ነው። እዚያ ተማሪው የደብተር ወረቀት፣ ቅጠል፣ ጠጠር፣ አሮጌ ጨርቅ፣ ያገኘውን ሁሉ ይጠቀማል፤ ሁሉም ጉድጓድ ይገባል። ይህን እዚህ አገር ያደገ ሰው ሁሉ ያውቃል። ጨርቁ በወንፊቱ ቀዳዳ ተጠቅልሎ እየሾለከ ቫልቩ ሥር ይወተፋል። የጋሽ ሰይድን የሰርዲን ቆርቆሮ ይዤ ሄጄ ቢሆን ባንድ ሰዓት ይነግረኝ ነበር። አልያዝኩም። ሸሚዝ ለብሼ፣ የንድፍ ኃላፊ ተብዬ፣ በተማሪና በመምህር ፊት ዝቃጭ በቆርቆሮ ስቀዳ መታየት አሳፈረኝ።

ያንን ፓምፕ እንዲሠራበት የተቀጠረው ይማም ይባላል። ቀድሞ በገመድ ከሚወርዱት አንዱ ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሰው ሳያስቅ የማይውል ሰው ነው። ለፓምፑ "ሆዳሟ" የሚል ስም ያወጣላት እሱ ነው፤ ከተማው ሁሉ በዚሁ ስም ጠራት። ሥራውን ሲያገኝ የሚለብሰውን አሮጌ ሱሪ አቃጥሎ፣ "ጋሼ፣ ከእንግዲህ እኔም እንደ ሰው ከላይ ቆሜ ነው የምሠራው" አለኝ። ከሕይወቴ ሁሉ የኮራሁበት ቀን እሱ ነው። ሳልሰለች ብዙ ጊዜ አስታውሰዋለሁ።

በየወሩ ላየው እሄድ ነበር።

"እንዴት ነህ ይማም? እንዴት ናት ሆዳሟ?"

"ደህና ናት ጋሼ፣ አልሐምዱሊላህ! አንቱስ ደህና? ልጆች ደህና?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። አታስቸግርህም?"

"ኧረ ወላሂ እሷ ምን ታስቸግራለች! እየበላች ነው።"

ከዚያ እንደ ጋሽ ሰይድ ወደ ብሎኖቹ ጎንበስ እላለሁ። ቀዩ ቀለም እንደተቀባ ነው፤ አንዱም አልተነካም። ደስ ብሎኝ ቅጹ ላይ "ያለ ችግር በመሥራት ላይ" ብዬ እሞላለሁ። ብሎኖቹ ለምን እንዳልተነኩ አንድ ቀን እንኳ አላሰብኩም። ቫልቩ ከታች ነው፤ ከታች ለሚያጸዳው ሰው ከላይ ያለውን ብሎን መፍታት አያስፈልገውም።

አንድ ጠዋት ከትምህርት ቤቱ አንድ መምህር ሮጦ ወርክሾፑ ገባ። ስደርስ ይማምን ሣሩ ላይ አስተኝተውታል። በገመድ አውጥተውታል፤ ግን ዘግይቷል። ጉድጓዱ ውስጥ ያለው አየር ሰው ሳያስነጥስ ይገድላል። የቀኝ እጅጌው እስከ ትከሻው ተሰብስቧል። ጭብጡ ውስጥ ዝቃጭ የነከረው ጨርቅ ነበር። አጥብቆ ይዞታል። ከሰዎቹ አንዱ ሳያስበው ነው መሰል እጀታውን ገፋ አደረገው፤ ፓምፑ ሠራ። ያ ድምፅ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። ይማም ሥራውን ጨርሶ ነው የሞተው።

ሦስት ሰው ያለበት ኮሚቴ ተቋቋመ። የቴክኒክ አባል ተብዬ የአደጋውን ምክንያት የምጽፈው እኔ ነኝ። የዚያን ጊዜው አለቃዬ በሩን ዘግቶ አነጋገረኝ። ክፉ ሰው አልነበረም።

"አስፋው፣ የፓምፑ ጥፋት ነው ካልክ ፕሮጀክቱ ይዘጋል" አለኝ። "ፕሮጀክቱ ከተዘጋ ለሚስትየዋ ምንም የምናደርግላት ነገር የለም። ካልተዘጋ ግን እዚሁ በጽዳት እንቀጥራታለን። አንተው ወስን።"

"ሟች ከሥራ መመሪያው ውጪ፣ ያለ ገመድና ያለ ፈቃድ ወደ ጉድጓድ በመግባቱ፣ በራሱ ጥንቃቄ ጉድለት ሕይወቱ አልፏል።" ይህን ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ፈረምኩ። ለሚስቱ ብዬ ነው እላለሁ። ለሚስቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን ያን ቀን እፎይ አልልም ነበር።

የይማም ሚስት ዘሀራ ተቀጠረች። ከዚያ እስከ ጡረታዬ ድረስ ቢሮዬን የጠረገችው እሷ ናት። በየጠዋቱ "እንዴት አደሩ ጋሼ?" ትለኛለች፤ "ደህና፣ እንዴት አደርሽ ዘሀራ?" እላታለሁ። ጠረጴዛዬን ስትወለውል ንድፎቼን በጥንቃቄ አንስታ በጥንቃቄ ትመልሳቸዋለች። ስንት ጠዋት አፌን ከፍቼ ዘጋሁት!

ፓምፖቹን ግን ዝም ብዬ አልተውኳቸውም። "ለእድሳት ነው" እያልኩ አንድ በአንድ ዞሬ የታችኛውን ቫልቭ አስነሳሁ። አዲስ ንድፍ ሠራሁ፤ ቫልቩ ከላይ፣ ክንድ የሚያስገባ መስኮት ያለው። ጋሽ ሰይድ ከመጀመሪያው የነገሩኝ ማለት ነው። አዲሷ ቀርፋፋ ናት፤ ከጥልቅ ጉድጓድ ግማሹን ብቻ ነው የምታወጣው። "የድሮዋ ትሻል ነበር" እያሉ ያሙኝ ነበር። ለምን እንደቀየርኳት ለማንም አልነገርኩም። ከዚያ ደግሞ የፍሳሽ ማንሻ መኪና መምጣት ጀመረ፤ አዲሷም አሮጌዋም ወርክሾፑ ጓሮ ተጥለው ዛጉ። ዛሬ ለጉድጓድ የሚደወለው ለመኪና ነው። ዕድሜ ልኬን የሠራሁት ሙያ ስም እንኳ ሳይወጣለት አለቀ።

የጡረታዬ ዕለት ሽልማቱን የሚሰጠው በቤቱ ረጅም ጊዜ የቆየ ሠራተኛ ይሁን ተባለ። ዘሀራ ተጠራች። አዲስ ሻሽ አስራ፣ መስታወቱን በሁለት እጇ አቅፋ መጣች። ንድፉን አየሁት። ከመዝገብ ቤት ፈልገው ያገኙት የመጀመሪያውን፣ "ተሞክሮ የተረጋገጠ" የሚለውን ነው። ቫልቩ ከሁሉም በታች ተስሏል። ከጎኑ ስሜ በትልቁ አለ።

"ይቺን እሱም ይወዳት ነበር ጋሼ" አለችኝ ዘሀራ ቀስ ብላ። ሕዝቡ አጨበጨበ። እኔም ተቀበልኩ፤ አመሰገንኩ፤ ኬክ ቆረስኩ።

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ዓረፋ ሊደርስ ሲል አንድ ከሰዓት ንድፉን በጨርቅ ጠቅልዬ ዘሀራ ቤት ሄድኩ። የቫልቩን ነገር የማታውቅ መስሎኝ፣ መስታወቱ ላይ ጣቴን አድርጌ ሁሉንም ነገርኳት። ቫልቩን፣ መስጊዱን፣ ቆርቆሮውን፣ ፊርማዬን። ስጨርስ ውሃ አመጣችልኝ።

"አውቃለሁ ጋሼ" አለችኝ።

"ምኑን?"

"በየሳምንቱ ይወርድ ነበር። ማታ ልብሱን የማጥበው እኔ አይደለሁ? ሱሪውን አቃጥሎ መልሶ ሌላ አሮጌ ሱሪ ገዛ። 'ደህና አይደለችም በላቸው እንጂ' እለዋለሁ። 'እንዴት ብዬ?' ይለኛል። 'በመጡ ቁጥር ፊታቸው በርቶ ደህና ናት ወይ ይሉኛል። ሰውዬው የለፉባት ናት። አይዶለችም ብዬ ፊታቸውን ላጥቁረው? እኔ ከድሮም መውረድ ለምጃለሁ' ይለኛል።"

የእኔ ፊት በርቶ ለማየት ብሎ! ለእኔ ለአንድ ሰው ፊት! "ታዲያ አንቺስ ይህን ሁሉ ዓመት ለምን አልነገርሽኝም?" አልኳት።

"እርስዎስ?" አለች። ቁጣ አልነበረባትም። "አዝነው አያለሁ። ምን ልጨምርብዎ ብዬ ነው።"

ምን ላድርግልሽ አልኳት። ለራሷ ምንም አልፈለገችም። ልጇ ሰሚራ ኩታበር መምህርት ናት። በቅርቡ ለአንድ ጉዳይ የአባቷን ፋይል አስወጥታ ያን ወረቀት አንብባለች። ከዚያ ወዲህ የአባቷ ነገር ሲነሳ፣ "እኔን በልጅነቴ ትቶ በግዴለሽነቱ የሞተ ሰው ነው" ትላለች። ለዓረፋ ትመጣለች።

"ያችን ወረቀት ያስተካክሉልኝ ጋሼ" አለችኝ ዘሀራ። "እኔ ብነግራት የሚስት ወሬ ነው የምትለው። ማኅተም ያለበት ታምናለች። ስትመጣ እንዳሳያት።"

በማግስቱ ቢሮ ሄድኩ። የአደጋውን እውነተኛ ምክንያት በሦስት ገጽ ጽፌ፣ የቫልቩን ቦታ ስዬ፣ ፈርሜ ነበር የያዝኩት። ወንበሬ ላይ የተቀመጠው አዲሱ ኃላፊ ቆሞ ተቀበለኝ፤ ሻይ አዘዘልኝ። አነበበው። አሮጌውን ፋይል አስመጣና ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጣቸው።

"ጋሼ፣ ይሄኛው ፊርማ የእርስዎ ነው" አለኝ። "ይሄኛውም የእርስዎ ነው። የትኛውን እንመን?"

"የዛሬውን።"

"የፓምፑ ፕሮጀክት ከተዘጋ ቆይቷል። ኮሚቴው የለም። ከሌሎቹ ሁለት አባላት አንዱ ሞቷል፣ አንዱ የት እንዳለ አይታወቅም። እኔ በየትኛው ሥልጣኔ ነው የምሽረው?" ትንሽ አሰበና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ደግሞስ ለራስዎ አያስቡም? በስተርጅና ይሄን አውጥተው ምን ያደርግልዎታል? ቤተሰቡም ከስንት ዓመት በኋላ ነው ቁስሉ የሚነካካው።"

ማኅተም ብቻ እንዲያደርግልኝ ለመንኩት። ሦስቱን ገጾች አጥፎ ፋይሉ ውስጥ አስገባና "እናየዋለን" አለኝ። የቢሮ ልጅ ነኝ፤ "እናየዋለን" ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ሦስት ቀን ተመላለስኩ። በሦስተኛው ቀን ፋይሉ ወደ ደሴ ተልኳል ተባልኩ። ለምን እንደተላከ የሚያውቅ አልነበረም።

ስመለስ መንገዴ በዘሀራ ደጅ ነው። ዞሬ ልሄድ አሰብኩ፤ አየችኝ። ለዓረፋ ቤቷን ነጭ አፈር እየቀባች ነበር። እጇ እስከ ክንዷ ነጭ ሆኗል። ፊቷ በርቶ ወደ አጥሩ መጣች። ከይማም ቀብር ወዲህ ፊቷ እንደዚያ በርቶ አይቼው አላውቅም።

"ሰሚራ ነገ ትገባለች ጋሼ" አለችኝ። "ወረቀቱ እንዴት ሆነ?"

አልሆነም ማለት አንድ ቃል ነው። ዕድሜ ልኬን ከዚያ የሚከብድ ብረት አንስቻለሁ። ፊቷን አየሁት። ያን ፊት ማጥቆር አቃተኝ።

"ደህና ነው" አልኳት።

ዘሀራ አየችኝ። ያንን ቃል ከማን አፍ ስትሰማው እንደኖረች ሁለታችንም እናውቃለን። ከዚያ ነጭ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና እንደ ባሏ፣ ልክ እንደ ባሏ፣

"አልሐምዱሊላህ" አለችኝ።